ዝቅ ያለች መኪናና ሦስት ሽማግሌዎች

ከኮተቤ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ወጣትና እጁን ግሪስ ያጠቆረው መካኒክ ያወራሉ። ጆሮዬ ከሚስቴ ድምፅ በቀር ሁሉን ይሰማል።

«ጋሼ፣ ትንሿን መኪናዬን ሞላዋን አሳጥሬ ዝቅ ላደርጋት ነው። ጎማዋንም በትልቅ ልቀይር።»

«ሁለቱንም ባንዴ?»

«አዎ። እሁድ ሽማግሌ የምልከው በእሷ ነው፤ የልጅቷ ቤት እንጦጦ ዳገት ላይ ነው። አምራ ብትታይ ብዬ።»

«ስንት ሽማግሌ?»

«ሦስት። ሦስቱም ደልደል ያሉ ናቸው።»

«ጉድህ ፈላ! ከኋላ ሲቀመጡ ጎማው ከላዩ ከሸፈነው ፓራፋንጎ ጋር ይፋተጋል። ዳገቱ ላይ አውርደህ በእግር ልትሰዳቸው ነው?»

«ኧረ ለክቻለሁ! በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እጄ ይገባል።»

«ሰው ጭነህ ነው የለካኸው?»

«አይ፣ ባዶዋን።»

«ባዶዋን! ሽማግሌዎቹ በሐሳብ ነው የሚሄዱት?»

ወጣቱ ሳቀ።

«እሺ ጋሼ፣ እሁድ እንዳለች ትሂድ። ልጅቷን ከሰጡኝ በኋላ ዝቅ አደርጋታለሁ።»

«ጎሽ! ያኔ ደግሞ ሞላውን ከመንካትህ በፊት ከባድ ሰው ጫንና ለካ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከኋላችን ያሉትን አባት የሚያህል።»

ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ በመስኮቱ የየካን ባሕር ዛፍ መቁጠር ጀመርኩ።