ግራጫው ፋሻ

— ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ። … ደህና ነኝ፣ አንተስ? … ድምፄ ምን ሆነ? ደክሞኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

ልብስ ሰፊዋ የማሸጊያውን ማሽን አጥፍታ ወንበር ሳበች። የደወለው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ እሱ ብቻ ስለሆነ ገና ከተማሪነቱ ጀምሮ «ምሁሩ» ይሉታል። ያስተማረችው እሷ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሳትነሣ። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስትጠብቅ ውላ፣ አሁን ሲደውል ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

— የሉም፣ ሠራተኞቹን ሴቶች አሰናበትኳቸው። … ዛሬ ሥራ የለም ብዬ ነዋ። … እሱን እነግርሃለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በያጁን ታውቀዋለህ አይደል? የግቢያችንን በር የሠራልንን? … አዎ፣ ረጅሙ። እጁ ተቃጥሎ ነበር። … እ… ሰምተሃላ። ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ አየሁት።

የመሥሪያ ክፍሏና የመኖሪያዋ በር አንድ ነው። እናቷ በሩ ሥር፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ተቀምጠው ባዶ ካርቶን ያጣጥፋሉ። ቀና ብለው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

— የሥራ ሰው ነው እማዬ። … እሷ ናት። አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ስልኩ ይጮሃል። … ምን ሆነ ትለኛለህ እንዴ? ሁለት ጣቱን ቆረጡት። … ቀኝ እጁን ነዋ። … አታቋርጠኝ። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ፋሻሽን በደንብ ሳልጠቀልለው ቀርቼ ይሆናል፣ አትቀየሚኝ» አለኝ። ጣቱን ያጣው እሱ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ።

ወንድሟ ይህን ፋሻ ያመጣ ሰሞን ቤቱ ሠርግ መስሎ ነበር። ውሃ ጠብ አድርጎበት ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ የሚወርድበትን ጨርቅ አሳያቸው። ቆሻሻ የማይዘው የግድግዳ ቀለም፣ ጉም የማይለብስ መነጽር፣ ቢውል ቢያድር የማይሸት ካልሲ፣ ሁሉም የአንድ ዕውቀት ልጆች ናቸው አለ፤ ናኖ የሚሉት። «ብርን አድቅቀሽ፣ አድቅቀሽ፣ የፀጉርሽ ውፍረት ከሱ ጋር ሲተያይ ግንድ እስኪመስል ድረስ ብታደቂው፣ ጀርም አጠገቡ አይደርስም» አላት። እሷም ብር ሲላት የኪስ መስሏት «እኛ ጋ ሳይደቅም አይበረክት» ብላ አሳቀችው። ቀለበት የሚሠራበትን ብር ማለቱ ነበር።

ሳቁን ያስቆመው የእናታቸው እግር ነው። አልድን ብሎ የከረመ የስኳር ቁስል ነበረባቸው፤ ሐኪሞቹ መቁረጥን ማንሣት ጀምረው ነበር። በግራጫው ፋሻ ሲጠቀለል ግን ቁስሉ ከዳር እየጠበበ መጥቶ፣ ተረከዝ ላይ ጥቂት ሲቀር ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋቱን ትታ ቤቷን በሙሉ ለፋሻ ሰጠች። ወንድሟ ፈሳሹን በጀሪካን ያመጣል፤ እሷ ትነክራለች፣ ታደርቃለች፣ ትቆርጣለች፣ ታሽጋለች። ለተጠራጠረ ሰው ሁሉ የእናቷን ቀሚስ ከፍ አድርጋ የዳነውን እግር ታሳይ ነበር።

— ማን ይነግረኛል፣ ዋናዋ ነርስ ናት። የቃጠሎ ክፍሏ። ቢሮዋ አስገብታኝ በሩን ዘጋችው። ቁስሉ የሚያመረቅዝ በሽተኛ በዛባቸውና ፋሻውን ላቦራቶሪ ላኩት። … ምንም የለበትም አሉ። … ምንም ማለት ምንም ነው። ብር የሚባል ዘሩም የለበትም። የጨርቅ ማቅለሚያ ነው፣ ግራጫ ቀለም። … አትሳቅ። ምኑ ያስቃል? … ሄሎ? … እሺ፣ መሣሪያቸው አሮጌ ይሁን። ተሳሳቱ እንበል።

ተነሥታ እናቷ ወደማይሰሙበት ወደ መንከሪያው በርሜል ሄደች። የምትለውን አውቶቡስ ውስጥ ስታስበው ነበር የመጣችው። መጀመሪያ ሲመጣላት መውረጃዋን አሳልፎ ወስዷታል።

— ተሳሳቱ እንበል አልኩህ። ታዲያ የእማዬን ፋሻ ለምንድን ነው ከራስህ ቦርሳ የምታወጣው? … አይ፣ መልስልኝ። እኔ እዚህ በካርቶን ቆልዬው እያለ፣ አንተ ለእሷ ሁልጊዜ በእጅህ ይዘህ ነው የምትመጣው። «ይሄ የእሷ ነው፣ ከዚያ ጋር እንዳትቀላቅይው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለእናቱ ሲሳሳ አይ ልጅ ብዬ… ሄሎ? … አለህ?

መስመሩ አልተቋረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ያን ጊዜ ልቧ ቁርጡን አወቀ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሆነ ነገር ይለኛል፣ የማላውቀው ነገር ይኖራል እያለች ነበር።

— እየሰማሁህ ነው፣ ተናገር። … ብር ያለበት መጀመሪያ የመጣው ብቻ? … ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ቀለም? … እህ። … ከውጭ የሚመጣው ስለተወደደ። … እስኪረክስ ድረስ ብለህ። … ቀለሙ ማንንም አይጎዳም? አይጎዳማ፣ ባዶ ጨርቅስ ማንን ይጎዳል? ሰውዬው ግን ሌላውን መድኃኒት ትቶ ነው ይህን የጠቀለለው። የእማዬን እግር አሳይቼው። … ናኖ ውሸት ነው መቼ አልኩህ? እውነት መሆኑንማ እናቴ ላይ አየሁት። እውነት ባይሆን ኖሮ እኔን በምን ትይዘኝ ነበር?

ከበርሜሉ አፍ ላይ የደረቀ ግራጫ ቀለም በጥፍሯ ፈቀፈቀች። ሁልጊዜ እጇ ላይ ሲቀር «ብር በብር ሆንኩ» እያለች ከሴቶቹ ጋር ትቀልድበት የነበረ ቀለም ነው።

— አላለቅስም። … አላለቀስኩም አልኩህ። ሌላም ነገር አለ። ትናንት ለነርሷ ደውለህ ምን አልካት? … እስቲ አስታውስ። … ልንገርህ? «እህቴ ያልተማረች ናት፣ ፈሳሹን በፈላ ውሃ በጥብጣ መድኃኒቱን ገድላው ይሆናል» አልካት። … ካልክስ ምን ማለትህ ነበር? … ነገሩ እስኪበርድ። እኔ ላይ ተደፍቶ ነው የሚበርደው? … ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ የሌላ ሰው ፈረስ ይመስለኝ ነበር። … እትዬ አትበለኝ። ዛሬ እትዬ አትበለኝ።

እናቷ ካርቶን አጥፈው ጨርሰው ሌላ እንድታቀብላቸው ጠየቁ።

— በቃሽ እማዬ፣ ዛሬ ካርቶን አያስፈልግም። … አዎ፣ አሁንም እያጣጠፈች ነው። … ለነርሷ? ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኳት። ስምህንም ሰጠኋት፣ የኔንም ሰጠሁ። ያለው ካርቶን በሙሉ ይወሰድ፣ ይቃጠል ብያለሁ። መኪና ልከዋል። … መርማሪ ይመጣል፣ አዎ። … እኔንም ይጠይቁኝ። የሸጥኩት እኔ፣ የማልኩበት እኔ፤ እንዴት አልጠየቅ? … ልጅነትህን አታንሣብኝ። ያሳደግኩት ልጅ ሌላ ነው፣ እሱን አንተ የምታውቀው አይመስለኝም።

ከዚያ የሚለውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

— እስቲ ድገመው። … «ለእማዬ ከእንግዲህ ማን ያመጣላታል?» አልክ? … አዎ፣ ተረከዟ ላይ ትንሽ ቁስል ቀርታለች። … አንተ ከታሰርክ እግሯ ይመለስባታል ነው የምትለኝ? እያዘንክላት ነው ወይስ እያስፈራራኸኝ? … እሺ። እንግዲያውስ ይህን ለእሷ ንገራት፤ ለእኔ አይደለም። እዚሁ ናት። … ምን አስጨነቀህ? እናትህ ናት እኮ። ቆይ፣ ላገናኝህ።

መንከሪያውን ዞራ መጣችና ስልኩን ለእናቷ ዘረጋችላቸው። «ምሁሩ ነው፣ ሊያናግርሽ ነው» አለች። እናቲቱ ፊታቸው በርቶ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉ፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ደጋግመው ሄሎ አሉ። ከዚያ ከጆሯቸው አንሥተው እንደ መስተዋት አዩት።

«ዝም አለ። ካርዱ አልቆበት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች።

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ካርቶኑን ሊጭኑ ደርሰዋል። ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ከፈተች። ወንድሟ በእጁ ያመጣቸው የእናቷ ፋሻዎች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። ጥቂት ናቸው። አንሥታ በመዳፏ መዘነቻቸው፤ ከሌሎቹ ጋር ቢደባለቁ ዓይን የሚለያቸው አይደሉም።

«እማዬ፣ በያጁ እጁ ክፉኛ ሆኖበታል። ከዚህ ፋሻሽ ለነርሷ ልስጣት? ለተረፉት ጣቶቹ ትሞክርለት።»

እናቷ አንድ አፍታም አላሰቡም።

«ሁሉንም ውሰጂለት እንጂ፣ የልጆች አባት ነው። ለእኔ እንደሆነ ያ ልጅ ሌላ ያመጣልኛል።»

እሷም ፋሻዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው፣ በሩን ለሰዎቹ ልትከፍት ወጣች።