ሰማያዊው መኪና እስኪመጣ

ራንዲን ያገኘኋት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ዳቦና ወተት ገዝቼ ከሱቅ ስወጣ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻዋን ቆማ በረዶ ትከሻዋን አልብሷታል። እሷና ባሏ ቶርላይቭ በአንድ አጥር የምንለያይ የብዙ ዘመን ጎረቤቶቼ ናቸው።

«ራንዲ፣ በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አመነታች። «ማን ልበል?» አለች።

እጇን ብትዘረጋ የምትነካኝ ቦታ ቆሜአለሁ። በከተማችን በላንግቪክ ደግሞ እኔን ኦሺልድን፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠርኩትን አሮጊት መምህርት፣ የማያውቅ ሰው የለም።

«ኦሺልድ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ለዓይኔ መርፌ ወደ ሆስፒታል እየሄድኩ ነው። አውቶቡሱ አሁን ይመጣል።»

አውቶቡሱ ከሄደ ቆይቷል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳስታ አንብባዋለች። ማንበብ ከተባለ ነው እንግዲህ።

«ለባለፈው መርፌስ ሄደሻል?»

የሻርፏን ጫፍ ማስተካከል ጀመረች።

«ራንዲ።»

«መንገዱ በበረዶ መስታወት ሆኖ ነበር። ቁልቁለቱን መውረድ ፈርቼ ተመለስኩ። ለቶርላይቭ እንዳትነግሪው፤ መኪናው በመዘግየቱ እሱም ተጨንቋል።»

መኪናው! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቶርላይቭ ደህናውን የናፍጣ መኪናውን በበጋ ሸጦ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሰማያዊ መኪና አዘዘ። ሻጩ ኡድቫር «ቅጠል ሳይረግፍ ይደርሳል» ብሎ እጁን ጨበጠው። ቶርላይቭም የባትሪ መሙያውን ግድግዳው ላይ አሰቀለ፤ ጠዋት ጠዋት በረዶውን በመጥረጊያ ያራግፍለታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። «ራንዲን እኔ ላድርሳት» ባልኩት ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኛ ሊደርስ ነው፤ አናስቸግርሽ» ይላል። በኛ አገር ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ጎረቤቱን ከመቀስቀሱ በፊት ሰዓት ያያል።

የዚያን ዕለት ግን ፈቃድ አልጠየቅሁም። ክንዷን ይዤ የራሴው መኪና ውስጥ አስገባኋትና ሆስፒታሉ ወዳለበት ትልቅ ከተማ ወሰድኳት። ሐኪሟ መርፌውን ወጋቻትና ፊት ለፊት ነገረችን፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን መርፌው ካልተዘለለ ይተርፋል አለች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ራንዲ «አትንገሪው» እያለች ለመነችኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ቤታቸው ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ቶርላይቭ መጥረጊያውን እንደያዘ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የወንድሙ ልጅ ቪልደ ነበረች፤ ሆላንድ አገር ንግድ የምትማር፣ ለክረምት ዕረፍት የመጣች ልጅ ናት። ራንዲ አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለ ቶርላይቭ።

«አንተስ ኡድቫርን መኪናዬ የት ደረሰ ብለህ ለምን አልጠየቅኸውም?» አልኩት።

ቪልደ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አጎቴ፣ ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ። መጨረሻ ላይ መቼ ይመጣል አሉዎት?»

«መጀመሪያ ቅጠል ሳይረግፍ፣ ኋላ ደግሞ ከገና በፊት። አሁን መርከቡ ነው የዘገየው አሉ።»

«የትኛው መርከብ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ መርከብ ነዋ።»

«ዕድሜዎን ሙሉ ባሕር ላይ የሠሩ ሰው፣ መርከቡ የት እንዳለ ሳይጠይቁ?»

ልጅቷም ፋታ አልሰጠችውም። «እኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ሆላንዶቹም ጀርመኖቹም ይህንኑ መኪና አዝዘው ነበር። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚልከው ብዙ ወደሚሸጥበት ነው፤ የኛ ዓይነት ትንሽ ከተማ የሚታወሰው በስተመጨረሻ ነው። እዚያ ያሉት ገዢዎች ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ጠየቁ፣ መልስ ሲያጡ አማራጭ አይተው ሌላ ገዙ። የፋብሪካው ሽያጭ በአውሮፓ ማሽቆልቆል ሲጀምር ጊዜ ይቅርታም፣ ቁርጥ ያለ ቀንም መጣላቸው። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ግን ማን ይቸኩላል?»

«ዝም አይነቅዝም» አለ ቶርላይቭ።

«ዝምታህ አይነቅዝም፤ የሚስትህ ዓይን ግን እየነቀዘ ነው» አልኩት። ክፉ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንጀቴ አሮ ነበር።

ቶርላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናንተ በቀላሉ ታወራላችሁ። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ። ከኡድቫር ጋር ተጨባብጠናል። ማክሰኞ ማክሰኞ በወንዶች መዘምራን ቡድን ውስጥ እጎኑ ቆሜ ነው የምዘምረው። ዛሬ መኪናህን አልፈልግም ብዬ ነገ ከማን ጋር ልቆም ነው? ከተማውስ ምን ይለኛል?»

«አጎቴ፣ ስትጨባበጡ የእሱስ እጅ አልነበረም?»

«እንዴት?»

«እርስዎ እገዛለሁ አሉ፤ እሱ ቅጠል ሳይረግፍ አመጣለሁ አለ። ቅጠሉ ረግፎ በላዩ በረዶ ተቆልሏል። ቃሉ የፈረሰው በማን በኩል ነው?»

ይህን ጊዜ የተረታ መስሎኝ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና መኪናውን ማሞገስ ጀመረ። «ቢሆንም፣ ያን የመሰለ መኪና የለም። ባትሪው አንዴ ከሞላ ወደ ሰሜን ስትሄጂ ብዙ ርቀት ያለ ማቋረጥ ይነዳል።»

«ሰሜን መቼ ሄደው ያውቃሉ?»

«ልንሄድ አስበናል።»

«ከሠርጋችን ጀምሮ እያሰበ ነው» አለች ራንዲ ከጓዳ።

ቪልደ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። «የእርስዎ መንገድ ሆስፒታልና ተራራው ላይ ያለችው የዕረፍት ጎጆዎ ናት። ለዚህ የሚበቃ መኪና ትልቁ ከተማ ውስጥ ተደርድሮ ቆሟል። ቻይና የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ እንዳለቀ ይዘውት ይመጣሉ።»

«የዚያን ስም መጥራት እንኳ አልችልም።»

«አይጠሩትማ፣ ይነዱታል።»

«ቢበላሽስ?»

«እዚያው ጋራዥ አለው፤ ደውዬ ጠይቄአለሁ።»

«በብርድ ባትሪው ይደክማል ይላሉ።»

«የሁሉም ይደክማል፤ ያዘዙትም ቢሆን። ከተማ ደርሶ ለመመለስ ግን ይተርፋል።»

«ቀለሙስ?»

ልጅቷ እዚህ ላይ ትንሽ ለሰስ አለች። «ያለው ቀይ ብቻ ነው።»

«ቀይ? እኔ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሴትዮዋ ሰው መለየት አቅቷት በረዶ ላይ ቆማ ውላለች፣ እሱ ቀለም አማርጡኝ ይላል። አፌን ልከፍት ስል ራንዲ ከጓዳ ወጣች። የበሩን ጠርዝ በጣቶቿ ዳበስ አድርጋ ይዛ ነው የቆመችው።

«ቶርላይቭ» አለች፤ ድምጿም ከፍ አላለም። «አንተ ሰማያዊውን ትጠብቃለህ። ሲመጣ ግን እኔ ሰማያዊ መሆኑን አላየው ይሆናል።»

ሰውዬው ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ካፖርቱን አነሳ። ቀኑ ማክሰኞ፣ የመዝሙር ቀን ነበር።

እኔም ተከተልኩት። ብቻውን ብለቀው ስለ አየሩ አውርቶ እንደሚመለስ አውቃለሁ። መዘምራኑ የሚለማመዱበት አዳራሽ ስንደርስ ኡድቫር ወንበር እየደረደረ ነው። ቶርላይቭ «ብርዱ ዘንድሮ በረታ» ብሎ ጀመረ። ሳልኩበት።

«ኡድቫር» አለ ኋላ፣ «መኪናውን ትቼዋለሁ። የራንዲ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ልጠብቅ አልችልም። አንተም ያልከኝ ቀን አልፏል።»

ኡድቫር የያዘውን ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠበት። «ተመስገን» አለ።

«ምን አልክ?»

«መኪናው የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ፋብሪካውን በጠየቅሁ ቁጥር ሌላ ነገር ነው የሚነግሩኝ። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ቶርላይቭ ዛሬ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ እንዴት ነህ ትለኝና መዝሙርህን ትቀጥላለህ። አንድ ሰው እንኳ ቢጮህብኝ፣ ደንበኞቼ ሊገድሉኝ ነው ብዬ እኔም ፋብሪካው ላይ እጮህ ነበር። ያዘዘው ሁሉ ጨዋ ሆነብኝ።»

«ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገርከኝም?»

«ላላስቸግርህ ብዬ።»

ሁለቱንም ጆሯቸውን ይዤ ጥግ ላቆማቸው ዳዳኝ። አንዱ ላለማስቸገር ሲል አይጠይቅ፣ ሌላው ላለማስቸገር ሲል አይናገር፤ በመሐል የምትታወረው ራንዲ። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው ብለን ልጆቻችንን እናሳድጋለን፣ ልክም ነን። ዋጋውን ሌላ ሰው በዓይኑ ሲከፍል ግን ጨዋነት መባሉ ይቅር፤ ፍርሃት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ዘመሩ። ሰማይም አልተደፋ፣ ከተማውም ምንም አላለ።

አንባቢዬ የመናገርን ጥቅም በዓይኑ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ኡድቫር በማግስቱ ላዘዙት ሁሉ እየደወለ እውነቱን ነገራቸው። ከፊሉ ሌላ ገዛ፤ ከፊሉ ደግሞ መኪናውን ወድዶታልና አውቆ ጠበቀ፤ አውቆ መጠበቅ ነውር የለውም። ኡድቫርም በተራው ፋብሪካው ላይ ጮኾ መርከቡ የት እንዳለ እንዲነግሩት አደረገ፤ መርከቡ ለካ መኪኖቹን ገና አልጫነም ነበር። ራንዲ ከዚያ ወዲህ አንድም መርፌ አልዘለለችም። ቶርላይቭም የቀዩ መኪና ወረቀት እስኪያልቅ ድረስ አጥሬን አንኳኩቶ «ኦሺልድ፣ ዛሬ ታደርሺልናለሽ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ግን ጠየቀኝ።

ቀዩ መኪና የመጣ ዕለት እኔም ቪልደም በር ላይ ነበርን። ቶርላይቭ ነድቶት መጥቶ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በረዶ ሲያራግፍለት ከነበረው መሙያ ጋር አገናኘው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ በረንዳው ላይ ወደቆመችው ሚስቱ ቀና አለ።

«ቀለሙን እንግዲህ ይቅር በይኝ» አላት።

ራንዲ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ በነጩ ግቢ ላይ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ተወው» አለች፣ «በረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።»