የአባ ኡስማን ቃርና የሱብሂ አዛን

ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ግድፈትም አያጣውም፤ ይቅር በሉኝ። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ቀርቻለሁ። አያቴ አባ ኡስማን እዚህ አሰበ ተፈሪ፣ በሰፈራችን መስጊድ የሱብሂ አዛን የሚሉት እሳቸው ናቸው። ትናንት ለጎረቤቶቻችን ያወሩትን ጥግ ተቀምጬ እንዳወሩት ጻፍኩት።

በእኛ ጊዜ ቃር የእርጉዝ ሴት ነበር! ወንድ ቢይዘውም ዋጥ አድርጎ ዝም ነው። ታዲያ እኔን በዚህ በሽበቴ ያዘኝ፣ ያውም ጋደም ስል ጠብቆ። እሳት ከሆዴ ይነሳና፣ ይነሳና እዚህ ጉሮሮዬ ድረስ! ኮምጣጣ ውሃ አፌን ሞልቶት እየሳልኩ ብድግ እላለሁ።

ይሄስ ይሁን። ጉዱ ሲነጋ ነው። ለሱብሂ ወጥቼ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "አላሁ አክ..." ስል ድምፅ የለም! አየር ብቻ! እንደታነቀ አውራ ዶሮ! ስንት ዘመን ይሄን ሰፈር የቀሰቀሰ ጉሮሮ እኮ ነው።

ታዲያ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። "አባ ኡስማን፣ ደክሞሃል፤ አዛኑን ለልብስ ሰፊው ለኢብራሂም እንስጠውና አንተ እረፍ።" እረፍ! ማን ደከመኝ አለ? ኢብራሂም ደግሞ እዚያው ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እህም፣ እህም። ለመንኳቸው። "እስከ ረመዳን እናያለን፤ ካልተሻለህ ግን የኢብራሂም ነው" አሉ።

እና ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ! አንዱ ተልባ ይላል፣ አንዱ ወተት ይላል። ዘይነባ ደግሞ፣ አዎ አንቺ፣ ምን ያስቅሻል፣ "አባ ኡስማን፣ ይሄ ቃር ፀጉራም ልጅ ነው፤ ስሙን አስቡበት" አለችኝ። ወተቱን ጠጣሁ። ለጊዜው ቀዝቀዝ አደረገኝና ጋደም ስል ብሶ መጣ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከጎጃም የተመደበ ጤና ረዳት ነው ያየኝ።

"አባቴ፣ ራት መቼ ይበላሉ?"

"ቤቴ የሚያድረው እንግዳ ሲርበው።"

"ከበሉ በኋላስ?"

"ሰው ከበላ በኋላ ምን ያደርጋል? ይተኛል!"

"በሉ እንግዲህ፣ ራትዎን በጊዜ ይብሉ፣ ትንሽ ይብሉ። ምግቡ ከሆድዎ ሳይወርድ አይጋደሙ፤ ድምፅዎን የሚዘጋው ወደ ላይ የሚመለሰው ኮምጣጣ ነው። ጫቱንም ቀነስ ያድርጉት። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርጉ። ምግብ አልወርድ ካለዎት ወይ ደም ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።"

ከራስጌ በኩል አልጋው እግር ሥር ድንጋይ አስገባሁ። ታዲያ ሚስቴ ፋጡማ ጮኸች። "አንተ ሰውዬ፣ ኮረብታ ላይ አስተኛኸኝ እኮ! ስነቃ ራሴን እግርጌ ነው የማገኘው!" እንዲያም ሆኖ ትንሽ ተሻለኝ።

ግን እንግዳውን ምን ላድርገው? ይኼው ሰዓት እላፊ ታውጇል። የገለምሶ ጫት ነጋዴዎች እኔ ቤት ይቅማሉ፣ ሲመረቅኑ ሰዓቱ ያልፍባቸዋል፣ ካለፈ መውጣት የለም፣ እዚሁ ያድራሉ። የመረቀነ ሰው ደግሞ ምግብ አያሰኘውም። ምርቃናው ሲወርድ ነው ራቡ የሚመጣው፣ ይኸውም እኔ የምተኛበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ ሳይበላ ደግሞ እንግዳ እጁን አይዘረጋም!

ከነጋዴዎቹ አንዱ፣ ሙሳ፣ ትሪው ፊት ቁጭ ብሎ "ወላሂ አባ ኡስማን ካልበሉ አልነካውም" አለ።

"አቦ ሙሳ፣ ሐኪም ከልክሎኛል!"

"እንግዲያው እኔም ታምሜያለሁ። ፋጡማ፣ ትሪውን አንሺው!"

እንግዳ ቤቴ ጦሙን ይደር? በላሁ። አጎረሰኝ፣ ደግሞ አጎረሰኝ። ጠዋት ስወጣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ኢብራሂም መስጊዱ ደጅ ቆሟል፣ እህም!

እና ተናደድኩ። የዚያን ዕለት የጫቱ በርጫ ሳይጀመር ተነስቼ "ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ራት ጀምበር ጠልቃ መግሪብ እንደተሰገደ ነው። አብሬያችሁ እበላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ትሪ አይወጣም" አልኳቸው።

ሙሳ ሳቀ። የምቀልድ መሰለው። መሽቶ ሲርበው ወደ ጓዳ አየ፣ አየ፣ ማንም አልተነሳም። በነጋታው "አባ ኡስማን ቆንቋና ሆኑ!" ብሎ ገለምሶ አወራ፣ ከገለምሶም መሰላ ከተማ ደረሰ። ገበያ ወጥቼ የማላውቀው ሰው "ትሪ የሚቆልፉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ! ስንቱን ያበላሁ ሰውዬ! ይሄ ከቃሩ የበለጠ አቃጠለኝ።

ድምፄ ግን ቀስ እያለ ተመለሰ። ረመዳን ሲገባ አዛኑን እስከ መጨረሻው አወጣሁት። አሁን የጾሙን ሱሁር ሌሊት በልቼም አልተኛም፣ ቁጭ ብዬ ሱብሂን እጠብቃለሁ። ጫቱንም ቀንሻለሁ። ቀንሻለሁ ነው ያልኩት ፋጡማ፣ ተውኩ አላልኩም፣ እንዲያ አትይኝ! ቆንቋና ይበሉኝ። ሙሳም ቢሆን እዚህ ሲያድር ለሶላት የሚቀሰቅሰው ይኼው ቆንቋና ነው!

አያቴ ይህን ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ዘይነባም ሳቀች። እኔ ግን፣ ድምፃቸው ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ በየሱብሂው ቀድሜ እነቃ ነበር። አዛኑ መሀል ላይ ሲቆረጥባቸው፣ የቀረውን ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ በሹክሹክታ እጨርስላቸው ነበር። ሴት ልጅ አዛን እንደማትል አውቃለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።