የሚያስለው ሞተር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች የሞተር መጠገኛ ቤት፣ በሐምሌ ወር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ አሮጌው የጀልባ ሞተር ተፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ አዲሱ ከነሳጥኑ በሩ ሥር ቆሟል፤ የሚነጋገሩት የጀልባዋ ባለቤት ትርንጎ እና መካኒኩ አያ ፈንታሁን ናቸው።

ትርንጎ፦ ማን አምጡ አለዎት? እኔ ጠግኑልኝ ብዬ ነው ትቼልዎት የሄድኩት።

ፈንታሁን፦ አምጣ ያለኝ የለም። ከጀልባ ማኅበሩ ነው ያስመጣሁት፤ ተራሽ ከደረሰ ሰንብቷል። ሳጥኑን አልከፈትሁም፤ ካልፈለግሽ እንደ ቆመ ይመለሳል።

ትርንጎ፦ ይመለስ።

ፈንታሁን፦ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

ትርንጎ፦ ቆሜ ይሻለኛል።

ፈንታሁን፦ ለአንቺ ይሻልሽ ይሆናል፤ እኔን ግን ብርሃን ከልክለሽኛል። ያንን መፍቻም አስቀምጪልኝ። ከገባሽ ሦስት ዕቃ አንስተሽ ሦስቱንም ሌላ ቦታ አኑረሻል። ማታ ስፈልግ ላድር ነው።

ትርንጎ፦ ለቅዳሜ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

ፈንታሁን፦ የቱ?

ትርንጎ፦ የዳኘው ሞተር ነዋ። ሌላ ምን ሞተር አለኝ?

ፈንታሁን፦ ነይ እይው እስቲ። ይኼ ፒስተን ነው። ይኼም ፒስተን ነው። ባለፈው ዓርብ አንድ ነበሩ።

ትርንጎ፦ ሌላ አይገኝም?

ፈንታሁን፦ ጎንደር አንድ ሰው ዘንድ አለ። ብደውል ነገ በመኪና ይልክልኛል። ጉዱ ፒስተኑ አይደለም፣ የሚገባበት ቤት ነው። ጣትሽን ወደ ሲሊንደሩ ስደጂ።

ትርንጎ፦ ይጎረብጣል።

ፈንታሁን፦ በአንድ ወገን ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ገብቶ ዙሪያውን መፋቅ አለበት። ባልሽ እያባበለ ነበር የሚነዳው እንጂ ይኼ ከሞተ ቆይቷል። ካንዴላውን በጥርስ ብሩሽ ሲፍቅ አይቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ በእኔ ብሩሽ።

ፈንታሁን፦ በአንቺ ነው እንዴ?

ትርንጎ፦ የእሱ ለስላሳ ነው፣ አያጸዳም አለኝ። እና ቢፋቅ ይድናል?

ፈንታሁን፦ ይድናል። ሌላ አምስት ዓመት ይሠራል።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን ያከራክረናል? ይፋቅ።

ፈንታሁን፦ ከተፋቀ አያስልም።

ትርንጎ፦ እንዴት አያስልም?

ፈንታሁን፦ ሦስቴ ተርተር ብሎ አንዴ የሚያስለው እኮ ሲሊንደሩ ስለተበላ ነው። እኔ ካዳንሁት ሳሉም ይጠፋል። ልክ እንደ ሌላው ሰው ሞተር ይሆናል። ለዚህ ነው ቁጭ በይ ያልሁሽ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው አይፋቅ። ፒስተኑን ብቻ ቀይሩልኝ።

ፈንታሁን፦ በሽታውን ተውለት፣ ብቻ አስነሣልኝ ነው የምትይኝ?

ትርንጎ፦ ቅዳሜ አንዴ ደቅ ደሴትን ዞሮ ይመለስልኝ። ሌላ አልጠየቅኩም።

ፈንታሁን፦ በሐምሌ ማዕበል? በዚህ ሲሊንደር አዲሱ ፒስተን ከደቅ ሳያልፍ ይነክሳል። ሰው ጭነሽ መሐል ባሕር ላይ ልትቆሚ ነው?

ትርንጎ፦ ሰው አልጭንም። ባዶዋን ትሄዳለች።

ፈንታሁን፦ ካፒቴንሽ ሰው አይደለም?

ትርንጎ፦ እኔ እነዳታለሁ።

ፈንታሁን፦ አንቺ? ባለፈው ዓመት ለማሰር ስትጠጊ የወደቡን ጣውላ ሰብረሽ የጠገንሁት እኔ አይደለሁም?

ትርንጎ፦ አያ ፈንታሁን፣ እኔ ለቀልድ አልመጣሁም። ባለፈው ቅዳሜ ጀልባዋ አላለፈችም። ይኼኛውም ከቀረ እማሆይ ይጠይቃሉ። ልጄ የት ሄደ ቢሉ በዚያ ደሴት ላይ ማን ይመልስላቸዋል? እስካሁን ያቆያቸው ያ ሳል ነው። ዓይናቸው አያይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደጅ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ እያሳለ ከሾላው በታች ይመጣል፣ ሁለቴ ጋዝ ይሰጣል፣ ያልፋል። በልባቸው ዳኘው ሰላም ብሎኝ ሄደ ብለው ይገባሉ። ካፒቴኑን ሁለቴ ጋዝ ስጥ ብዬ ለማስለመድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ፈንታሁን፦ አውቃለሁ። ማኅበሩ መስመር ቀይሮበት ነው፣ ለመውረድ ጊዜ የለውም የሚለውን ውሸት የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ በደንብ ሰፍተውታል። አልተተረተረም።

ፈንታሁን፦ አራት ወር ሙሉ፣ ትርንጎ። በመጋቢት ስንቀብረው ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተሻግረን መርዶውን እንንገራቸው አሉ። ፋሲካን ሳያዝኑ ይዋሉ ያልሽው አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ ሁለት ወር ጾመው፣ በልጅ ሞት ይፍቱ ነው የሚሉኝ?

ፈንታሁን፦ አልልም። ከፋሲካ በኋላስ?

ትርንጎ፦ እግራቸውን ታመሙ።

ፈንታሁን፦ እግራቸውን ታመሙ። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ለቀስተኛ በማዕበል አይሻገርም ተባለ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ዘመን መለወጫ ነው። የእኛ አገር በዓል መች ያልቃል?

ትርንጎ፦ ከመስቀል በኋላ ይነገራል። ብያለሁ።

ፈንታሁን፦ ያንን የብሎን ሣጥን አትነካኪው። በመጠን የለየሁት ነው።

ትርንጎ፦ ይቅርታ።

ፈንታሁን፦ አንቺስ ለምን ሄደሽ አታጫውቻቸውም? ቢያንስ ምራታቸው መጣች ይባላል።

ትርንጎ፦ እንዴት አድርጌ ልሂድ? ሲስሙኝ ራሴን ይዘው ነው የሚስሙኝ። ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። እጃቸው እንዳረፈ ያውቁታል።

ፈንታሁን፦ ይኼንን አላሰብሁትም።

ትርንጎ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይስቁ። አዲሱ ሞተር ድምፁ ትንሽ ነው ይባላል፣ አይደል?

ፈንታሁን፦ ትንሽ ነው። አጠገቡ ቆመሽ ታወሪያለሽ።

ትርንጎ፦ የዳኘውን ሞተር ድምፅ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ከድምፅ ማጉያ ጋር ቢያያዝና ጀልባዋ ላይ ቢሰቀልስ?

ፈንታሁን፦ እንደ ሎተሪ አዟሪ?

ትርንጎ፦ እንዳይስቁ አልኩ እኮ።

ፈንታሁን፦ አልሳቅሁም። መቼ ቀዳሽው?

ትርንጎ፦ ቆይቷል።

ፈንታሁን፦ ለዚህ ብለሽ?

ትርንጎ፦ እንዲሁ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንኳ አላውቀውም።

ፈንታሁን፦ አታውቂውም?

ትርንጎ፦ አራት ደቂቃ ከዐሥር ነው። ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ፈንታሁን፦ አይሆንም። በውሃ ላይ ድምፅ ሌላ ነው፤ ሞተርና ማጉያ ሕፃን ይለየዋል። እሳቸውማ ታንኳ ሲቀዘፍ ቀዛፊውን በስሙ የሚጠሩ ሴትዮ ናቸው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ጎንደር ይደውሉ። ፒስተኑ ነገ ይምጣ። እንደ ታመመ ይሂድ። አንድ ቅዳሜ ነው ያልኩት።

ፈንታሁን፦ አልደውልም።

ትርንጎ፦ ሌላ መካኒክ አጣለሁ?

ፈንታሁን፦ አታጪም። ከድልድዩ ማዶ ሁለት አሉ፣ አንደኛው ጎበዝ ነው። ግን ከመሄድሽ በፊት የምነግርሽ አለ። ከጠዋት ጀምሬ እንዴት ልንገራት እያልሁ ነው ይኼን ሁሉ ስለ ሲሊንደር የማወራው።

ትርንጎ፦ ምን?

ፈንታሁን፦ ትናንት ደቅ ነበርሁ።

ትርንጎ፦ ምን ሊሠሩ?

ፈንታሁን፦ ወፍጮው ቆሞባቸው ጠሩኝ። እማሆይ እንዳያገኙኝ በኋላ በር ዞሬ ውልቅ ልል ነበር። ለካ ከባለወፍጮው ጋር ሳወራ ሰምተውኝ ኖሯል፤ ‘ፈንታሁን፣ ና’ አሉኝ።

ትርንጎ፦ ነገሯቸው?

ፈንታሁን፦ እኔ? ቃል ከአፌ ቢወጣ ምላሴ ይቆረጥ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነዎት ወይ፣ እግርዎን ተሻለዎት ወይ፤ ይኼንኑ ስደጋግም ቆይቼ ተነሣሁ።

ትርንጎ፦ እሳቸውስ?

ፈንታሁን፦ ‘ባለፈው ቅዳሜ ሞተሩ ቀረ፤ ተበላሸ እንዴ?’ አሉኝ። አዎ፣ ተበላሸ አልሁ። እውነት ነው፣ ይኼን ብል ምን አለበት ብዬ። ከዚያ፣ ‘ታዲያ ትርንጎ በምን ትኖራለች?’ አሉኝ።

ትርንጎ፦ ማን በምን ይኖራል አሉ?

ፈንታሁን፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ‘ልጆቼ በምን ይኖራሉ’ ብለው ይሆናል። እርስዎ ደንግጠው...

ፈንታሁን፦ አልደነገጥሁም። ‘ትርንጎ’ ነው ያሉት።

ትርንጎ፦ ዳኘውን አላነሡም?

ፈንታሁን፦ አላነሡም። ባለወፍጮውን ጠየቅሁት፤ ከፋሲካ ወዲህ ስሙን ጠርተው አያውቁም። ቅዳሜ ግን ደጅ መውጣቱን አልተዉም፤ ወንበራቸውን ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ፣ ጀልባዋ ስታልፍ እጃቸውን ያነሣሉ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ማንም ምንም አይላቸውም።

ትርንጎ፦ ከፋሲካ ወዲህ።

ፈንታሁን፦ ከፋሲካ ወዲህ። ነይ እዚህ ሳጥን ላይ አረፍ በይ። ውሃ ላምጣልሽ?

ትርንጎ፦ አልፈልግም። ያለቀሰላቸው ሰው አለ?

ፈንታሁን፦ ማን ያለቅስላቸዋል? እኛ አልነገርናቸው። ያልተረዳ ሰው ቤት ለቅሶ አይገባም። ብቻቸውን ያልቅሱ እንደሆን እንጃ።

ትርንጎ፦ ይኼን አዲሱን ለመግጠም ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ፈንታሁን፦ ዛሬ ሳጥኑን ብከፍት ነገ ቀትር ላይ ውሃ ላይ እሞክረዋለሁ።

ትርንጎ፦ ይክፈቱት። ሽማግሌዎቹን እኔ እጠራለሁ፤ ነገ ከሰዓት ተሻግረን ቤተ ክርስቲያኑ እናድራለን፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው እንድረስ። ከፊት የምገባው ግን እኔ ነኝ።