ሳይጨባበጡ የተላተሙት ጓደኛሞቼ

አትሳቁብኝ እንጂ ልንገራችሁ። ውጭ አገር አኒሜሽን የሚሠሩ አንድ አበሻ ባለሙያ ኮልፌ ያለው የአኒሜሽን ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥተው ሥራችንን አዩልን። የእኔው ሥራ ሁለት ጓደኛሞች አስራ ስምንት ማዞሪያ ተገናኝተው በትከሻ ሰላም ሲባባሉ የሚያሳይ ነው። ታዲያ ስከፍተው የአንዱ ትከሻ በሌላው ደረት ውስጥ እንደ ጭስ አለፈ! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው ግን «ና እስቲ፣ ሰላም በለኝ» አሉኝ። እጃቸውን ጨብጬ ትከሻዬን ሰጠሁ። እጄን ሳይለቁ፣ «አየህ? ትከሻህ አልፎ እንዳይሄድ የሚያቆምህ የተጨባበጠው እጅህ ነው። ያንተዎቹ ሳይጨባበጡ ነው የተላተሙት። እኔም ስጀምር ስንቱን በስንቱ ውስጥ አሳልፌያለሁ!» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

በማግስቱ ጓደኛሞቹን አጨባብጬ ከፈትኩት። ትከሻ ትከሻን ነክቶ ቆመ። «እንዴት ነህ?» የተባባሉት እነሱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያልኩት እኔ።