በሃያ ደቂቃ የተደፋ ጨው

(ለአይብ ሥራ ወተት የሚያረጋ ፕሮቲን ሊወጣበት ከቄራ የመጣ የጥጃ ጨጓራ በተዘፈዘፈበት ቤተ ሙከራ ውስጥ፤ ባለሙያዋ አስካለ እና የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይልቃል።)

አስካለ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ።

ይልቃል፦ ኤጭ! ፈርሚና ከዚህ ግማት ልውጣ።

አስካለ፦ ግማቱንስ ለምጄዋለሁ። እኔን የሚያስጠላኝ ወረቀቱ ነው። «ጨው በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ተጨመረ» ይላል። እርስዎ በሃያ ደቂቃ ነው የደፉት።

ይልቃል፦ እንግዶች እየመጡ ነበራ! ደግሞ ፈጥኖ ገባ፣ ቀስ ብሎ ገባ፣ ያው ጨው ነው።

አስካለ፦ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? የጨዉ ውሃ በትንሽ በትንሹ ሲበረታ፣ ወተት የሚያረጋው ፕሮቲን ቀድሞ ከመለያው ቱቦ ይወጣል። አይብ የሚያመርረው ፔፕሲን ተጣብቆ ይቆያል። ባንዴ ሲደፉበት ግን ሁለቱም ተያይዘው ይወርዳሉ።

ይልቃል፦ ወተቱን አላረጋም?

አስካለ፦ አርግቷል።

ይልቃል፦ በቃ! ታዲያ ምን ትጨቀጭቂኛለሽ? የአይብ ሠሪዎቹ ማኅበር ሴቶች ነገ ይወስዱታል።

አስካለ፦ የባለፈውንም ወስደዋል። እሱንም እርስዎ እንዲሁ በጥድፊያ ነው የጨረሱት፤ እኔም ዝም ብዬ ፈረምኩ። ራሴን ተጸየፍኩት።

ይልቃል፦ ማን ከሰሰሽ?

አስካለ፦ ማንም። የከፋው እሱ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ትብለጥ ጠዋት በባለፈው ማርጊያ የሠሩትን አይብ ይዘው መጥተዋል። እንኩ፣ ይቅመሱት።

ይልቃል፦ እዚህ ሽታ ውስጥ?

አስካለ፦ መሐረቡን ከአፍንጫዎ ያውርዱና ይቅመሱ።

ይልቃል፦ እንትፍ! በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ? ሬት ነው እንዴ?

አስካለ፦ ሁለት ወር ያቆዩት አይብ ነው። የሠሩት አርባ አይብ ሁሉ እንዲህ ነው።

ይልቃል፦ እና እኛን ነው የሚወቅሱት?

አስካለ፦ ምነው በወቀሱን! «እጃችን ነው የቆሸሸው» ብለው ዕቃቸውን ሦስት ጊዜ ቀቅለዋል። አንዷን ልጅ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» ብለው ከማኅበሩ አስወጥተዋታል።

ይልቃል፦ ውሃ... ውሃ አለ?

አስካለ፦ በውሃ አይለቅም፤ ሞክሬዋለሁ።

ይልቃል፦ ሴትዮዋ የት አሉ?

አስካለ፦ በሩ ላይ። የተባረረችውንም ይዘዋት መጥተዋል። «ዶክተሩ እጇን ይመርምሩልን» ብለው ተቀምጠዋል።

ይልቃል፦ እጇን?

አስካለ፦ እጇን። ምን ልበላቸው?

ይልቃል፦ ወረቀቱን ወዲህ በይው። ሦስት ሰዓት የሚለውን ሰርዘሽ ሃያ ደቂቃ ብለሽ ጻፊበት፤ የባለፈውም እንዲሁ መሆኑን ጨምሪ። የምፈርመው እኔ ነኝ። ከዚያ መጀመሪያ ልጅቷን አስገቢያት።