ኳሷን በእጃቸው የያዙት ተከላካይ፣ ኮሪን ሃውገን

በሐዘናችን ከጎናችን የቆማችሁ ወዳጆች ሆይ፣

ታላቅ እህቴ ኮሪን ሃውገን ከአባታቸው ከአቶ ኦርቪል ሃውገንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. በሰሜን ሚኔሶታ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስጋት የማይለያቸው ሰው ስለነበሩ፣ የላሞቹ በረት መዘጋቱን በዓይናቸው ሳያረጋግጡ ከማዕድ አይቀርቡም ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን አጠናቀው፣ በነፃ የትምህርት ዕድል ኮሌጅ ገብተው ኬሚስትሪ እያጠኑ፣ ለሴቶች እግር ኳስ ቡድን በመሐል ተከላካይነት ተሰለፉ። ከየግጥሚያው በፊት ያስመልሳቸው ስለነበር ግብ ጠባቂዋ ሬኔ ኮቫች «አንቺን ካላስመለሰሽማ እኛ ነን የምንፈራው!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት በአሥራ ሰባት ግጥሚያ አምስት ግብ ብቻ ሲቆጠርባቸው፣ ኮሪን አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቀየሩ ተጫውተው፣ በጉዞ አውቶቡስ ላይ ሲያጠኑ ከርመውም ከክፍላቸው አንደኛ ወጡ።

በመጨረሻው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ለዜሮ እየመሩ ሳለ፣ ሬኔ ከአጥቂ ጋር ተጋጭተው ቢነሱም ኮሪን የሬኔ ዓይን መፍዘዙን አይተው ደነገጡ።

«ሬኔ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ዝናብ።»

ኮሪን ዳኛውን ቢጣሩ የሚሰማቸው ጠፋ፤ አሰልጣኙም ከዳር ሆነው «አራት ደቂቃ ነው የቀረው፣ ዝም ብለሽ ተጫወቺ!» ሲሉ ጮኹ። ያን ጊዜ ጨዋታውን ለማስቆም ብለው ወደ ግብ ክልላቸው የመጣችውን ኳስ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቁጭ አሉ። ፊሽካው ሲነፋ ሬኔም ተዝለፍልፈው ወደቁ። ፍጹም ቅጣት ምቱ ገባ፤ በጭማሪ ሰዓትም ቡድኑ ተሸነፈ። ሬኔ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ስለደረሰባቸው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ኮሪን እህል ሳይቀምሱ፣ ከቡድኑ አንዳንዶቹ ሰላምታ እየነፈጓቸው፣ ሦስት ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሬኔ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሸነፍን?»

«ተሸነፍን። በእኔ ጥፋት።»

«ወይ አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ሬኔ፤ ኮሪንም ያን ጊዜ ብቻ አለቀሱ።

በዚያው ዓመት በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው፣ በትምህርትም በጨዋታም ከላቁት የአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዷ ተብለው ተሸለሙ። ከዚያም ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችንን የመጠጥ ውኃ ሲመረምሩ ኖሩ፤ ከአቶ ጌይለን ብራት ጋር ተጋብተውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

የጣፊያ ካንሰር ካገኛቸው ወዲህ፣ የምርመራ ውጤት በሚጠበቅበት ሳምንት ስልካቸውን ጨብጠው ከክፍል ክፍል ሲመላለሱ ይውሉ ነበር፤ ሆኖም አንድም ቀጠሮ ሳያጓድሉ ሁለት ዓመት ታግለው፣ ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ኢንግሪድንና ማረንን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲሰጉ የኖሩትን እህታችንን፣ እግዚአብሔር ስጋት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ከእንግዲህ ስለ እኛ የሚሰጋልን ሰው ለጎደለን ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።